የኢሳሙ ፒንሳ

ኦኖዴራ ኢሳሙ ዕድሜ ልኩን ብረት ባሕር ውስጥ ጥሎ አያውቅም ነበር። ይህን ሲናገር ደግሞ አፉን ሞልቶ ነው። በኩሮሳኪ ወደብ ከእሱ የተሻሉ ዓሣ አጥማጆች አሉ፤ ከእሱ የበለጠ ጠጥተው ከእሱ ያነሰ የሚያወሩም ሞልተዋል። ቢላዋ፣ መንጠቆ፣ ቁልፍ፣ ሌላው ቀርቶ አንዲት ሚስማር እንኳ ሳያመልጠው ፀጉሩ መርከብ ላይ የሸበተ ግን እሱ ብቻ ነው።

በዚያ ዳርቻ የባሕሩ ጌታ ዘንዶ ነው፤ ዘንዶው ደግሞ ብረት አይወድም። ብረት የጣለ ሰው ምንም እንዳልተፈጠረ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። የጣለውን ዕቃ በትንሽ ጣውላ ላይ ይስልና ከሥሩ ስሙን ጽፎ ኮረብታው ላይ ካለው የአድባሩ ቤት ወስዶ ይሰቅለዋል። ይቅርታ መጠየቂያው ያ ነው። ግድግዳው በቢላዋ፣ በመልሕቅና በሰዓት ሥዕል ተሞልቷል፤ አንዱ ሲያስታውክ ያመለጠውን የብረት ጥርሱን ሳይቀር ስሎ ሰቅሏል። ሥዕሉ ባያምር ማንም አይስቅበትም። የሚሳለው ግን የወደቀው ነገር ነው፤ መቀነስም ማሳመርም የለም።

ኢሳሙ እዚያ ግድግዳ ላይ ስሙ አልነበረም። ወገቡ ላይ የሚያንጠለጥላት ፒንሳ የአባቱ ናት። አባትየው እጀታዋን በቀጭን ሲባጎ ጠምጥመው፣ ሲያረጅ ፈትተው እንደገና እየጠመጠሙ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተውባታል። ሊሞቱ ሲሉ ሰጡትና፣ “እኔ አልጣልኳትም” አሉት። ሌላ ኑዛዜ አልነበራቸውም። ኢሳሙም እንደ ኑዛዜ ያዘው።

በወጣትነቱ ሩቅ ባሕር ሄዶ ቱና የሚባለውን ትልቅ ዓሣ ያጠምድ ነበር። ሲያገባ ሚስቱ ፉሚ ዓመት ሙሉ የማይመለስ ባል አልፈልግም ስላለችው ሃማካዜ ላይ ገባ። ሃማካዜ የባሕር ጥናት ጣቢያው መርከብ ናት፤ ዓሣ አታጠምድም። ለዚህ ነው የወደቡ ሰዎች ስትመለስ ባዩ ቁጥር የሚያሾፉት።

“ኢሳሙ፣ ዛሬ ስንት ዲግሪ አጠመዳችሁ?”

“መረብህን ባዶ የሚያደርገውን ያህል!” ይላል እሱ፤ አፉ ቦዝኖ አያውቅም።

ሥራዋ ሲያዩት ቀላል ነው። በየወሩ ከኩሮሳኪ ተነሥታ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ትሄዳለች፤ በካርታው ላይ በተቆረጡት ነጥቦች ላይ ትቆማለች፤ መሣሪያ ታወርዳለች፣ ታወጣለች፣ ትቀጥላለች። በሚቀጥለው ወርም ያንኑ መስመር፣ ያንኑ ነጥብ። መሣሪያው በብረት ማቀፊያ ውስጥ የታሰረ ቱቦ ነው፤ በብረት ገመድ ወደ ጥልቁ ሲወርድ የውሃውን ሙቀትና ጨው በየደረጃው እየለካ በውስጡ ይይዛል። መርከበኞቹ ሙሽሪት ይሏት ነበር፤ ቀስ ተብላ ስለምትወርድና ሁሉም ቆሞ ስለሚጠብቃት። ገመዱን የሚጠቀልለውን ዊንች የያዘው ኢሳሙ ነው። ሙሽሪትን በብረት ቀለበት ከገመዱ ጫፍ ጋር የሚያያይዛትም እሱ፤ የቀለበቱን ብሎን አጥብቆ፣ እንዳይፈታ በቀጭን ሽቦ የሚያስረውም እሱ።

መጀመሪያ ላይ ይህ ሁሉ ልፋት ሞኝነት ይመስለው ነበር። ትናንት የተለካ ውሃ ለምን ዛሬ ይለካል? የገባው ምድር ተንቀጥቅጣ ወደቡን ከጠራረገው ታላቅ ማዕበል በኋላ ነው። ያን ቀን ካፒቴን ኩማጋይ መርከቧን ወደ ጥልቁ ባሕር አውጥቶ አዳናት፤ ሲመለሱ ግን የብዙዎቹ ቤት ከነመሠረቱ የለም። ለወራት ማንም ስለ መስመሩ አላሰበም። በመጨረሻ እንደገና ሲወጡ በጊዜው የጣቢያው ተመራማሪ የነበሩት አሮጌው ዶክተር በመዝገቡ ላይ ባዶውን የሚያዝያ ዓምድ እያዩ አለቀሱ። ቤታቸው ሲወሰድ ያላለቀሱ ሰው ናቸው። “ቤት ይሠራል፤ የዚያን ሚያዝያ ውሃ ግን ማን ተመልሶ ይለካልኛል?” አሉ። ኢሳሙ ሰውየው አበዱ ብሎ ነበር። በኋላ ሳልሞኑ እየቀነሰ፣ ከደቡብ የሚመጣው ቡሪ የተባለ ዓሣ መረቡን እየሞላ፣ የገበያው ሰው ሁሉ “ይሄ ነገር መቼ ጀመረ?” እያለ ሲጨቃጨቅ፣ መልሱ እሱ ባወረዳቸው ሙሽሮች ውስጥ እንዳለ ገባው። ከዚያ ወዲህ መስመሩ የራሱ ሆነ። አንድ ወር ሲያመልጥ ማየት አይፈልግም።

አሁን ያለችው ተመራማሪ ዶክተር ማካቤ ቺናሚ ናት። ባሕር የሚባል ነገር ከማይታይበት የተራራ አገር መጥታ ባሕርን የምታስተምር በመሆኗ ኢሳሙ ሳያሾፍባት አይውልም።

“ዶክተር፣ እናንተ አገር ዓሣ ዛፍ ላይ ነው አሉ የሚበቅለው?”

“አዎ ኢሳሙ ሳን፣ ሲበስል ይወርዳል። እርስዎ አገር ግን መውረድ ትቷል መሰለኝ።”

ይወዳታል፤ “ሳን” ብላ አክብራ እየጠራችውም መልስ አታጣም። አንድ ጊዜ፣ ሳተላይት ከሰማይ ሆኖ ባሕሩን የሚያይ ከሆነ እኛ ለምን ብርድ እንበላለን ብሎ ጠይቋት ነበር። “ሳተላይቱ የሚያየው ቆዳውን ነው። በሽታው ያለው ሆዱ ውስጥ ነው” አለችው።

ነገሩ የተበላሸው በኅዳር ነው። ከየብስ የሚነፍሰው ነፋስ እየበረታ ሲሄድ አራተኛው ነጥብ ላይ ደረሱ። ካፒቴኑ ከላይ፣ “ቶሎ በሉ፣ ሳይብስ!” እያለ ይጮኻል። ሙሽሪት ከመርከቧ ጎን ወጥታ ውሃው ላይ ተንጠልጥላለች። ያኔ ነው ኢሳሙ ብሎኑ የታሰረበት ቀጭን ሽቦ ተበጥሶ ያየው።

ማድረግ የነበረበትን ያውቃል። “ቁሙ፣ መልሷት” ብሎ ወደ ውስጥ አስገብቶ ማሰር። ወይም ደግሞ ከመርከቧ ጠርዝ መከታ ላይ ተንጠራርቶ እዚያው ማሰር። ነገር ግን ካፒቴኑ ይጮኻል፤ የፒንሳዋ ማንጠልጠያ ገመድ ደግሞ ጠዋት ተበጥሶ ሌላ አላሰረላትም። ጣቱ በብርድ ደንዝዟል። የአባቱን ፒንሳ በደነዘዘ እጅ፣ ያለ ገመድ፣ ከባሕሩ በላይ ይዞ መንጠራራት አልሆነለትም። ብሎኑ ጥብቅ ነው፣ ለአንድ ጊዜ ይችላል አለና አወረዳት።

ሲያወጣ ገመዱ ቀለለው። ዊንች የሚይዝ ሰው ክብደቱን በመዳፉ ያውቀዋል። ገመዱ ባዶውን መጣ። ሙሽሪትም፣ ቀለበቱም፣ ብሎኑም የሉም።

ዶክተሯ መከታውን ይዛ ወደ ታች ታያለች፤ የሚታይ ነገር ያለ ይመስል። ከዚያ ዞረች።

“ኢሳሙ ሳን፣ ምን ሆነ?”

“እንጃ” አለ ኢሳሙ።

አንዲት ቃል ናት። ከአፉ ስትወጣ ያለቀች መስሎት ነበር። ቃሏ ግን ወደብ ድረስ አብራው ሄደች፤ ከዚያም ቢሮ ገባች። በቢሮው ያሉት አለቆች፣ ገመዱ ካልተበጠሰ የተሰበረው ቀለበቱ ነው፤ ቀለበቶቹ ደግሞ ሁሉም አዲስና በአንድ ላይ የተገዙ ናቸው አሉ። አንዱ ከተሰበረ ሌላውም ይሰበራል። እናም የመርከቧ ማንሻ ብረት ሁሉ ተፈቶ ወደ ከተማ ይላክ፣ ተፈትኖ እስኪመለስ ሃማካዜ ወደብ ትታሰር ተባለ። የጎረቤት አውራጃ ጣቢያ መሣሪያ ላበድር ብሎ ነበር። የሚያወርዳት መርከብ ከሌለ ምን ይሠራል?

“ታኅሣሥ አመለጠን” አለች ዶክተር ማካቤ፤ ቁጣ አልነበራትም። ፊቷን ያየው ኢሳሙ አሮጌው ዶክተር ትዝ አሉት። እዚያው ቢናገር ቀላል ነበር። ምላሱን ውጦ ወደ ቤቱ ሄደ።

ፉሚ ከገበያ ተመልሳ፣ ራዲሽ የሚባለውን ነጭ ረጅም ሥራ ሥር ለማድረቅ በገመድ እየሰካች ነበር። ዕድሜዋን የሳልሞን ዕንቁላል ስታዘጋጅ የኖረች ሴት፣ ዘንድሮ ቀኑን ሙሉ ቡሪ ስትቆራርጥ ነው የዋለችው። ኢሳሙ ጣውላና ቀለም ይዞ ከጎኗ ተቀመጠ። የመጀመሪያ ሥዕሉ ነው።

“ይሄ ምንድነው? የወፍ ጎጆ?”

“ሙሽሪት ናት።”

“ምስኪን! እንዲህ ከሆነች ብትሰምጥ አይገርምም።”

አልሳቀም። ማቀፊያውን ሣለ፣ ቱቦውን ሣለ፣ ከላይ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይጀምርና ይሰርዘዋል። እንደገና ይጀምርና ይሰርዘዋል።

“አንተ ሰውዬ፣ ጣውላውን ልትበሳው ነው። እዛ ጫፍ ላይ ምን አለ?”

“ምንም።”

“ምንም ከሆነ ለምን ትሰርዘዋለህ? ይልቅ ተናገር፤ እጄ ላይ ቢላዋ ነው ያለው።”

ተናገረ። ሽቦው ተበጥሶ ማየቱን፣ ነፋሱን፣ ማንጠልጠያውን፣ አንድ ጊዜ ይችላል ማለቱን። ፉሚ ቢላዋውን አስቀመጠች።

“ለፒንሳ ብለህ?”

“የአባቴ ናት እኮ።”

“አባትህ ቢኖሩ በዛችው ፒንሳ ጆሮህን ነበር የሚቆነጥጡህ! ትንሿ ብረት እንዳትወድቅብህ ብለህ ትልቋን ጣልካት?”

እንዲህ ሲባል ሞኝነቱ ለራሱ ለኢሳሙም ተሰማው። በመርከቡ ላይ ሆኖ ነገሩ እንዲህ አጭር አልነበረም።

“ከዊንቹ ያነሱኛል” አለ።

“ያነሱሃል።”

“ጡረታዬ ደርሶ…”

“አውቃለሁ መድረሱን። እንግዲህ አንተ ነህ የጣልከው። የጣልከውን ሣል።” ራዲሿን አነሣች፤ ከዚያ ድምፅዋ ትንሽ ላላ። “ባይሆን ትልቅ አድርገህ ሣለው። ዓይናቸው ደካማ ነው የቢሮ ሰዎች።”

ብሎኑን ሣለ። ከሙሽሪት ጎን፣ ሙሽሪትን የሚያህል ብሎን፤ ላዩ ላይ የተበጠሰው ሽቦ እንደ ድመት ጢም ተንጨብርሮ። ከሥሩ ስሙን ጻፈ።

ጠዋት ወደ አድባሩ ቤት ከመውጣቱ በፊት ጣውላውን ይዞ ወደ ጣቢያው ሄደ። ካፒቴኑና ዶክተሯ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ አኖረላቸው።

“ይሄ ደግሞ ምንድነው?” አለ ካፒቴን ኩማጋይ።

“ብሎኑ ነው። ሽቦው ተበጥሶ ነበር። አይቻለሁ። አይቼ ነው ያወረድኳት።”

“ምን አልክ?”

“ቀለበቶቹ ምንም አልሆኑም። ብሎኑ ተፈትቶ ነው። የእኔ ጥፋት ነው።”

ካፒቴኑ ብድግ ሲል ሻዩ ተደፋ። ከኢሳሙ ጋር ከማዕበሉ ያመለጡ፣ ከስንት ነፋስ የተረፉ ጓደኛሞች ናቸው፤ ስለዚህ አላዘነለትም። “አብደሃል? እንዴት ሳትነግረኝ? ለምን አላስገባሃትም?” እያለ ጮኸበት። ኢሳሙ የፒንሳዋን ነገር ተናገረ። ሲናገር ጆሮው ጋለ። ካፒቴኑ የዚያው ወደብ ልጅ ነውና፣ ኢሳሙ ወገብ ላይ የተንጠለጠለችውን ፒንሳ አየት አደረገ።

ዶክተር ማካቤ ግን ሥዕሉን ሳይሆን ኢሳሙን ነበር የምታየው።

“ቀለበቶቹ ደህና መሆናቸውን እርግጠኛ ነዎት?”

“እርግጠኛ ነኝ።”

“ይህን ጽፈው ይፈርሙልኛል?”

“እፈርማለሁ።”

ስልኩን አነሣች። ቢሮው፣ ከዚያ ጎረቤት ጣቢያው፣ ከዚያ እንደገና ቢሮው። እስክትጨርስ ኢሳሙ ቆሞ ጠበቃት። ስትጨርስ፣ “ታኅሣሥ ሳያልቅ እንወጣለን” አለች። ከዚያም፣ “ያን ዕለት ‘እንጃ’ ባይሉኝ ኖሮ እነዚህን ሁሉ ቀኖች እንቅልፍ አጥቼ አላድርም ነበር፣ ኢሳሙ ሳን” ብላ ወጣች። ከካፒቴኑ ጩኸት ይልቅ ይህ አንጀቱን ቆረጠው።

ዊንቹን ሽንጎ ለሚባል ባልደረባው አስረከበ። ሽንጎ ጎበዝ መርከበኛ ነው፤ ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ ቁልፉን ሲቀበል ግን ራሱ የበደለ ይመስል አንገቱን ደፋ። ለኢሳሙ የተሰጠው ባልዲ ነው። መሣሪያው ሲወርድ አንድ ሰው የላዩን ውሃ በባልዲ ቀድቶ፣ ነፋስ ሳያቀዘቅዘው ቶሎ ቴርሞሜትር ነክሮ ያነባል፤ የመሣሪያውን ልክ ማመሳከሪያ ነው። ለአዲስ ገቢ የሚሰጥ ሥራ። ወደቡ ሁሉ በአንድ ቀን ሰማ።

“ኢሳሙ፣ ካፒቴን ባልዲ ሆንክ አሉ!”

አፉ ያልቦዘነው ሰው የዚያን ቀን ባልዲውን አንሥቶ ወደ መርከቧ ሄደ።

በታኅሣሥ ወጡ። የተዋሱትን መሣሪያ ሽንጎ “አደራ” ብሎ ሰየማት፤ የሰው ዕቃ ናትና ስሙ ጸደቀ። ኢሳሙ ፒንሳዋን በአዲስ ገመድ ከእጅ አንጓው ጋር አስሯት ነበር። ማንም ሳያዘው፣ በየነጥቡ አደራ ከመነሳቷ በፊት እየሄደ የብሎኑን ሽቦ በጣቱ ይዳስሳል። ሽንጎም እስኪዳስስ ይጠብቀዋል። ካፒቴኑ ከላይ ያያል።

አራተኛው ነጥብ ላይ ሽቦው ደህና ነበር፤ በገዛ ጣቱ ነክቶታል። ሽንጎ አነሣት። ከጎን በኩል ትልቅ ሞገድ መጥቶ መርከቧን ሲያዘነብላት አደራ ተወዛውዛ ከመከታው ጋር ተጋጨችና ወደ ውጭ ወጣች። ኢሳሙ ባልዲውን እንደያዘ ቀና አለ። ሽቦው ተቆርጧል፤ ብሎኑ ደግሞ በእያንዳንዱ መወዛወዝ እየዞረ ሲወጣ በዓይኑ ይታያል።

“ሽንጎ፣ ቁም! እንዳትነካት!”

ሽንጎ አቆመ። ወደ ውስጥ ቢስቧት መልሳ ከመከታው ትጋጫለች፤ ብሎኑ ያን አይችልም። ኢሳሙ ባልዲውን መርከቧ ወለል ላይ ጥሎ ፒንሳዋን ይዞ ተንጠራራ። አልደረሰም። የከለከለው የፒንሳዋ ገመድ ነው፤ ሌላኛው ጫፉ አንጓው ላይ አጥሮ ታስሮ፣ ፒንሳዋን በጣቶቹ ጫፍ አርቆ ለመያዝ አላስቻለውም። የገመዱን ቋጠሮ ከአንጓው አወለቀው። ከዚያ ሆዱን መከታው ላይ አስተኝቶ ግማሽ አካሉን ወደ ባሕሩ አወጣ። ከኋላው ዶክተር ማካቤ ቀበቶውን በሁለት እጇ ያዘች።

“ይዤዎታለሁ!”

“አይልቀቁኝ፣ የተራራ ሰው!”

ብሎኑን በፒንሳዋ ነከሰው። አንድ ዙር አዞረው። ውሃ ፊቱ ላይ ተረጨ። ሌላ ዙር። ቦታው ገባ። ሌሎች ሁለት መርከበኞች በማቀፊያው ዙሪያ ገመድ ሲያሳልፉ እሱ ብሎኑን በፒንሳዋ ነክሶ ይዞ ቆየ፤ ጣቶቹ ይኑሩ አይኑሩ አያውቅም ነበር። “ያዝናት!” ሲሉት መርከቧ ወደ ሌላኛው ጎን ተንከባለለች። እጁ ተከፈተ። ፒንሳዋ የመርከቧን ጎን አንድ ጊዜ መታች፤ ቀጭን ድምፅ ነበራት።

ሽንጎ ቆቡን አወለቀ። ዶክተሯ ኢሳሙን ወደ ውስጥ ስትጎትተው ቀበቶውን እንደያዘች ቀረች።

“ኢሳሙ ሳን… ወደቀች።”

“ሰማሁ።”

“እንቁም? ትንሽ…”

“ለምን እንቆማለን? ሽቦ አምጡ፣ እንሰራት፣ ትውረድ። ፒንሳ የሚያበድረኝ ማን ነው?”

ሽንጎ የራሱን ሰጠው። ኢሳሙ ብሎኑን አሰረ፣ በጣቱ ዳሰሰ፣ “ታስሯል” አለ። አደራ ወረደች። እሱ ባልዲውን ፈልጎ አነሣ፤ የላዩን ውሃ ቀድቶ አነበበ፣ ዶክተሯም ጻፈችው። ውሃው ለታኅሣሥ ከመጠን በላይ ሞቃት ነበር። አደራ ስትወጣ የታችኛውም መጣ፤ ቀዝቃዛው የሰሜን ውሃ መኖር ባለበት ጥልቀት የደቡቡ ሙቅ ውሃ ተኝቷል።

“መጥፎ ነው?” አላት።

“በጣም መጥፎ ነው። ዘንድሮ ሳልሞን አይጠብቁ” አለች። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ታኅሣሥን በጣቷ ነካችው። “ግን አገኘነው።”

ፉሚ ሁለተኛውን ጣውላ ስታየው ምንም አልጠየቀችም፤ ወደቡ ቀድሞ ነግሯታል። ኢሳሙ የፒንሳዋን አፍ ሣለ፣ እጀታዋን ሣለ፣ የሲባጎውን ጥምጥም አንድ በአንድ ሣለ። ምንም አልሰረዘም። ሲጨርስ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፤ ሰውየው ፒንሳዋን ይወዳት ነበር።

“ይሄኛው ያምራል” አለች ፉሚ።

“በደንብ ስለማውቃት ነው።”

የቤታቸው ግድግዳ ላይ የአባቱ ፎቶ አለ፤ ፉሚ በየጠዋቱ ለሟቹ ትኩስ ሩዝ የምታስቀምጥበት። ኢሳሙ ጣውላውን ይዞ ከፎቶው ፊት ተንበረከከ።

“ምን ልትላቸው ነው?” አለች ከኋላው።

“ጣልኳት እላቸዋለሁ” አለ ኢሳሙ። “እንጃ አልልም።”